የሚመልስ እሳት፦ ስለ ጥቁር ፈሳሽ አነዳድ

እንጨት በኬሚካል ተቀቅሎ ወደ ወረቀት ሲለወጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ለወረቀት የሚሆን ቃጫ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ግማሽ ከመቀቀያው ጨው ጋር ተዋህዶ ጥቁር፣ ክፉኛ የሚሸት፣ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይሆናል። በሙያው ብላክ ሊከር የሚባለው ይህ ጥቁር ፈሳሽ በፋብሪካ መዝገብ ላይ ተረፈ ምርት ተብሎ ይሰፍራል፤ ነገር ግን አንድ ቶን ፐልፕ፣ ማለትም ለወረቀት የተዘጋጀ ቃጫ፣ በተመረተ ቁጥር በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የሚወጣው ደረቅ ቁስ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ስለሚመዝን፣ ተረፈ የተባለው ከዋናው ይበልጣል። ይህን ያህል ቁስ ሳይታመም የሚቀበል ወንዝ የለም፤ የሚቀበለው እሳት ነው። ይህም እሳት የበላውን ለይቶ ከፊሉን ለፋብሪካው ይመልሳል፤ እንዴት እንደሚመልስና መመለሱ ስለ ማቃጠል የተለመደውን አሳብ ምን ያህል እንደሚለውጥ መመርመር የዚህ ሐተታ ጉዳይ ነው።

የነገሩ መነሻ መቀቀያው ነው። የእንጨት ቃጫ በአብዛኛው ሴሉሎስ ከተባለ ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል የተሠራ ሲሆን፣ ቃጫን ከቃጫ አጣብቆ ዛፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሊግኒን የሚባል ሙጫ መሰል ቁስ ነው፤ ወረቀት ሠሪ ቃጫውን ለማግኘት ሊግኒኑን ማሟሟት ይኖርበታል። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው የኬሚካል ፐልፕ እጅግ የሚበዛው የሚገኘው ክራፍት በተባለው ዘዴ ነው፤ በዚህ ዘዴ የእንጨት ፍልጥፋይ ኮስቲክ ሶዳና ሶዲየም ሰልፋይድ በሟሙበት ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ በታፈነ ጋን፣ ከ160 እስከ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ይቀቀላል። ኮስቲክ ሶዳው የሊግኒኑን ማያያዣ ይቆርጣል፤ ሶዲየምንና ድኝን ያጣመረው ሶዲየም ሰልፋይድ ደግሞ ቆረጣውን እያፋጠነ ቃጫው ብዙ ሳይጎዳ እንዲተርፍ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ቃጫው ሲታጠብ የሚወርደው እጣቢ ጥቁሩ ፈሳሽ ነው። በእጣቢው ውስጥ ከዛፉ የመጡት ሊግኒንና ከእንጨቱ ስኳር መሰል ክፍሎች የተገኙ አሲዶች፣ ከፋብሪካው የመጡት ሶዲየምና ድኝም አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ፈሳሹ ሁለት ባለቤት ያለው ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ ዛፉ ከፀሐይ ለዓመታት ያከማቸው ሙቀትና ፋብሪካው በገንዘብ የገዛው ጨው በአንድ ጋን ተደባልቀዋል፣ በሁለቱ መካከል የሚዳኘውም እሳቱ ነው።

የዘዴው ታሪክ እሳት ከመጀመሪያው የሥራው አካል እንደነበር ያሳያል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እንግሊዛውያኑ ቻርልስ ዋትና ሂዩ በርጀስ እንጨትን በኮስቲክ ሶዳ ብቻ የሚቀቅል ዘዴ ሲያወጡ፣ ሶዳው ውድ ስለነበረ እጣቢውን አትንኖና አቃጥሎ ሶዳውን ከአመዱ መልቀም የግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ፈርዲናንድ ዳል ዛሬ ግዳንስክ በምትባለው በዳንዚግ ከተማ ሲሠራ፣ በሂደቱ የሚባክነውን ሶዲየም ለመተካት ከውዱ ሶዲየም ካርቦኔት ይልቅ ርካሹን ሶዲየም ሰልፌት ተጠቀመ። ሶዲየም ሰልፌት በራሱ እንጨት የመቀቀል ኃይል የለውም፤ ከእጣቢው ጋር ወደ እቶኑ ሲገባ ግን እዚያ ያለው ከሰል ወደ ሶዲየም ሰልፋይድ ይለውጠዋል፣ በሰልፋይዱ የተቀቀለው ፐልፕም በሶዳ ብቻ ከተቀቀለው ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የክራፍት ዘዴ መቀቀያውን የሚያገኘው ከእሳት ውስጥ ነው፤ የዛሬው እጣቢ ካልነደደ የነገው ጋን አይጣድም። በዚያው ዘመን ተስፋፍቶ የነበረው፣ በካልሲየም ላይ የተመሠረተው የሰልፋይት ዘዴ ግን እጣቢውን አቃጥሎ ኬሚካሉን ለመመለስ የማይመች ስለነበረ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ወንዞች ለአሥርት ዓመታት የእጣቢው መጣያ ሆነው ቆይተዋል። ክራፍት በኋላ ሰልፋይትን ከገበያ የገፋው በፐልፑ ጥንካሬና ብዙ ዓይነት እንጨት በመቀበሉ ጭምር ቢሆንም፣ እጣቢውን የሚያውቅበት እሳት ባይኖረው ኖሮ ድሉን ማሰብ ያስቸግራል።

ፈሳሹ ከእጥበት ሲወጣ ከመቶው 15 እጅ ያህሉ ብቻ ደረቅ ቁስ ነው፤ ሌላው ውሃ ነው። በኢትዮጵያ ሊቃውንት ትምህርት ዓለም ከተፈጠረባቸው ከአራቱ ባሕርያት መካከል እሳት የውዕየትና የይብሰት፣ ማለትም የሙቀትና የድርቀት፣ ውሃ ደግሞ የቅዝቃዜና የርጥበት ባሕርይ ያላቸው ጠበኞች ናቸው። በወረቀት ፋብሪካ ይህ ጠበኝነት በቁጥር ይለካል፤ ውሃ የበዛበት ጥቁር ፈሳሽ ወደ እቶን ቢገባ እንጨቱ የሰጠው ሙቀት ሁሉ ውሃውን ለማትነን ይውላል፣ እቶኑም ሊጠፋ ወይም ከዚያ የከፋ አደጋ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹ በተከታታይ ጋኖች ውስጥ ያልፋል፤ ከመጀመሪያው ጋን የተነሣው እንፋሎት ሁለተኛውን፣ የሁለተኛው ሦስተኛውን እያሞቀ ስለሚሄድ አንድ ጊዜ የወጣ ሙቀት አምስት ስድስት ጊዜ ይሠራል። በመጨረሻ የሚገኘው ከመቶ ከ65 እስከ 80 እጅ ደረቅ ቁስ የያዘ፣ ትኩስ ሆኖ ካልተያዘ በቧንቧ አልሄድም የሚል ወፍራም ፈሳሽ ነው። የዚህ ደረቅ ቁስ አንድ ኪሎ ሲነድ ከ13 እስከ 15 ሜጋጁል ሙቀት ይሰጣል፤ ይህም ጥሩ የድንጋይ ከሰል ከሚሰጠው ግማሽ ገደማ ነው። ሌላ ማንኛውም ሰው ሊያቃጥለው የሚመርጠው ነዳጅ አይደለም፤ እርጥብ ነው፣ ጨው ይበዛበታል፣ ይሸታል፣ ብረት ይበላል። ሆኖም በዓለም ላይ ከእንጨት ከሚገኙት የኢንዱስትሪ ነዳጆች መካከል ከዋናዎቹ አንዱ ይህ ፈሳሽ ነው።

አነዳዱን በቅርብ ለማየት ከእቶኑ ወርዶ ወደ አንዲት ጠብታ መቅረብ ያስፈልጋል። በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ በሚገኘው የኦቦ አካዳሚ ዩኒቨርሲቲ ሚኮ ሁፓና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አንዲት የጥቁር ፈሳሽ ጠብታ በቀጭን ሽቦ ጫፍ አንጠልጥለው በጋለ የላቦራቶሪ እቶን ውስጥ እያስገቡ ሕይወቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፊልም ቀርጸዋል። በእውነተኛው እቶን ፈሳሹ በመርጫ ሲረጭ አብዛኞቹ ጠብታዎች ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ይኖራቸዋል። ጠብታዋ መጀመሪያ ትደርቃለች፤ ውሃው ከውስጥ እየፈላ ሲወጣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትፈናጠራለች። ቀጥሎ ሊግኒኑና አሲዶቹ በሙቀቱ ብዛት መፈራረስ ይጀምራሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ከጠብታዋ ውጭ በብሩህ ቢጫ ነበልባል ሲቀጣጠል፣ ገና ያልወጣው ደግሞ ለስላሳና ተለጣጭ የሆነውን አካሏን ከውስጥ እየነፋ እንደ ሊጥ ኩፍ ያደርጋታል። እብጠቱ ቀላል አይደለም፤ የክራፍት ፈሳሽ ጠብታ ከመጀመሪያ ይዘቷ ከሃያ እጥፍ በላይ ልትሆን ትችላለች። ነበልባሉ ሲጠፋ የሚቀረው ቀዳዳው የበዛ፣ ክብደት አልባ የሚመስል ጥቁር ከሰል ነው፤ ያም ከሰል ያለ ነበልባል እየጋለ፣ እየሟሸሸ፣ በራሱ ላይ እየተሰበሰበ ይሄድና በድንገት ወደ አንዲት የምታብለጨልጭ የቀለጠ ጨው ዶቃ ይለወጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል።

እብጠቱ ተመልካችን የሚያስደንቅ ብቻ ሳይሆን የእቶኑን ዕጣ የሚወስን ነገር ነው። ያበጠች ጠብታ ቀላል ስለምትሆን ወደ ላይ የሚነፍሰው ጋዝ ይዟት ሊሄድ ይችላል፤ እዚያም ገና ሳትነድ ከእንፋሎት ቧንቧዎች ላይ ተለጥፋ መተላለፊያውን ትደፍናለች። ጠብታዋ በጣም ትልቅ ከሆነች ደግሞ ሳትደርቅ ወደ እቶኑ ወለል ትወድቅና እዚያ ያለውን የከሰል ክምር ታቀዘቅዛለች። ሁለት ፈሳሾች እኩል ሙቀት፣ እኩል ውፍረት ይዘው እንኳ አንዱ ብዙ ሌላው ጥቂት ሊያብጥ ይችላል፤ ልዩነቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሊግኒኑና ከስኳር የመጡት አሲዶች ሚዛን ነው፣ ይህም ሚዛን የሚመጣው ከዛፉ ዓይነትና ከአቀቃቀሉ ነው። ስለዚህ እቶኑን የሚጠብቀው ባለሙያ ነዳጁን በኪሎ ብቻ ሊያውቀው አይችልም፤ ጥዱም ሆነ በርቹ በእሳቱ ውስጥ የየራሱን ጠባይ ይዞ ይገባል። የኬሚስትሪ ቀመር ሁሉንም ካርቦን አንድ አድርጎ ይጽፈዋል፤ እሳቱ ግን ካርቦኑ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ወደ ታች ሲወረድ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። ከእቶኑ ወለል ላይ የነደዱትና በከፊል የነደዱት ጠብታዎች ተከማችተው ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍ የከሰልና የቀለጠ ጨው ክምር ይሠራሉ። አየር ወደ እቶኑ የሚገባው በተለያየ ከፍታ ነው፤ ከላይ በበቂ ሁኔታ ይሰጣል፣ ስለዚህ ጋዙ ነዶ ያልቃል፤ ከታች ግን ሆን ተብሎ ይቆጠባል፣ ስለዚህ ከሰሉ ኦክስጅን ይራባል። የተራበው ከሰል ኦክስጅኑን ከአየር ባያገኝ ከጨው ይወስዳል፤ የሶዲየም ሰልፌት ሞለኪውል ከተሸከማቸው አራት የኦክስጅን አቶሞች ተገፎ ሶዲየም ሰልፋይድ ሆኖ ይቀራል፣ ከሰሉም የገፈፈውን ኦክስጅን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። በኬሚስትሪ ኦክስጅን መቀበል ኦክሲዴሽን፣ ኦክስጅን ማጣት ሪዳክሽን ይባላል፤ በዚህ እቶን ሁለቱ ተቃራኒ ሥራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በጥቂት ሜትር ርቀት፣ በአንድ ነዳጅ ይከናወናሉ። በደንብ በተያዘ እቶን ውስጥ ከድኙ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚሆነው በሰልፋይድ መልክ ይመለሳል። በዋናነት ሶዲየም ካርቦኔትና ሶዲየም ሰልፋይድ የሆነው ቅላጭ እንደ ቀይ ወንዝ ከእቶኑ እየፈሰሰ ውሃ ባለበት ጋን ውስጥ ሲገባ አካባቢው በጩኸት ይሞላል፤ የተገኘው አረንጓዴ ፈሳሽ በኖራ ሲታከም ካርቦኔቱ እንደገና ኮስቲክ ሶዳ ይሆናል፣ የዋለው ኖራም በሌላ እቶን ተቃጥሎ ለዳግም ሥራ ይዘጋጃል። በዚህ መንገድ አንድ የሶዲየም አቶም ስንት ዛፍ እንደቀቀለ መቁጠር አይቻልም።

ይህ የታችኛው እሳት በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ከወረቀት ሥራ ይሰፋል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀርመናዊው ሐኪምና ኬሚስት ጌዮርግ ኤርነስት ሽታል የፖታሲየም ሰልፌትን ጨው ከእንጨት ከሰል ጋር አቅልጦ ድኝ ያዘለ፣ ጉበት መሰል ቀለም ያለው ቁስ አገኘ፤ ሥራው በመሠረቱ ዛሬ በጥቁር ፈሳሽ እቶን ወለል ላይ የሚካሄደው ነው። ሽታል ያየውን የተረጎመው ፍሎጂስተን በተባለው፣ በሚቃጠል ነገር ሁሉ ውስጥ አለ ተብሎ በታሰበው የእሳት ባሕርይ ነው፤ ከሰሉ በውስጡ የነበረውን ፍሎጂስተን ለጨው ሰጠው፣ ጨውም በተቀበለው ነገር ድኝ ሆነ ብሎ አስተማረ። በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ፈረንሳዊው አንቷን ላቮዋዚዬ ሚዛኑን ይዞ ሲመጣ ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ከሰሉ የሰጠው ነገር የለም፣ ከጨው ላይ ኦክስጅን ወሰደ እንጂ። ዛሬ ትክክለኛው የላቮዋዚዬ እንደሆነ አያከራክርም፤ ሚዛን አይዋሽም። ነገር ግን የሽታል ስሕተት ውስጥ ላቮዋዚዬ ያላስፈለገው አንድ እውነት ተቀምጧል፤ ይኸውም የሚቃጠል ነገር ለሌላው የሚያተርፈው ኃይል አለ የሚለው ነው። ከሰሉ ቁስ አልሰጠም፤ ጨው ያጣውን የመሥራት ችሎታ ግን መልሶለታል፣ ያም ችሎታ ወደ መቀቀያው ሄዶ ሌላ ዛፍ ይቀቅላል። የዛሬ ሳይንስ ይህን በኬሚካላዊ ኃይል ቋንቋ በትክክል ይለካዋል። ሽታል ስሙን እንጂ ነገሩን ሙሉ በሙሉ አልሳተም ማለት ፍትሐዊ ፍርድ ይሆናል።

ከዚህ ተነሥቶ ማቃጠል አንድ ሥራ ነው የሚለውን አሳብ መፈተሽ ይቻላል። በተለመደው ምድጃ የሚፈለገው ሙቀቱ ነው፤ አመዱ የሚጠረግ ቅሪት ነው። በጥቁር ፈሳሽ እቶን ግን አመዱ ይፈለጋል፤ እንዲያውም በመጀመሪያ እሳቱ የተነሣው ለአመዱ ሲባል ነው፣ ሙቀቱ በኋላ የተገኘ ትርፍ ነበር። አርስቶትል የአንድ ነገር ዓላማ ነገሩን ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ ያስተማረው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ነበልባሉን ብቻ ያየ ሰው እሳቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አይችልም፣ ከእሳቱ ምን እንዲተርፍ እንደሚፈለግ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ሲቀጥል ግን ዋናና ተረፈ የሚባለው ክፍፍል ራሱ ይናጋል። ፋብሪካው ፐልፕ ለማምረት ጨው ያስፈልገዋል፣ ጨዉን ለማግኘት ፈሳሹን ያቃጥላል፣ ፈሳሹን ለማግኘት ፐልፕ ያመርታል፤ በዚህ ክብ ላይ መጀመሪያ ነው የሚባል ቦታ ማግኘት አይቻልም። ዋና የሚሆነው ከክቡ ወጥቶ የሚሸጠው ነው፤ ይህም የገበያ ፍርድ እንጂ የቁሱ ጠባይ አይደለም።

ሙቀቱ ከትርፍነት ወደ ዋና ተፈላጊነት የተሸጋገረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ፈሳሹ የሚነድባቸው ምድጃዎች ብዙ የሰው ጉልበት የሚጠይቁ፣ ሙቀቱንም የሚያባክኑ ነበሩ። ካናዳዊው ጂ. ኤች. ቶምሊንሰን ፈሳሹ የሚረጭበትን እቶን ግድግዳ ውሃ በሚሄድባቸው ቧንቧዎች አጠረው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 በኩቤክ ዊንድሰር ሚልስ ሥራ የጀመረው እቶን ኬሚካሉን እየመለሰ እንፋሎትም ማመንጨት ቻለ፣ የዛሬዎቹ ግዙፍ ቦይለሮችም የዚያ ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ግን ሁለቱ ጠበኞች፣ እሳትና ውሃ፣ በአንድ ስስ የብረት ግድግዳ ብቻ ተለያይተው ጎረቤት ሆኑ። ቧንቧ ተቀዶ ውሃ ወደ ቀለጠው ጨው ከገባ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ የኬሚካል መቀጣጠል ሳይኖር በእንፋሎቱ ድንገተኛ መስፋፋት ብቻ የእቶኑን ግድግዳ የሚበረግድ ፍንዳታ ይከተላል። በሰሜን አሜሪካ እንዲህ ያሉ ፍንዳታዎች ሰው ከገደሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የፋብሪካዎች፣ የቦይለር ሠሪዎችና የመድን ድርጅቶች ባለሙያዎች የተሰባሰቡበት አማካሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ካወጣቸው መመሪያዎች አንዱ ደረቅ ቁሱ ከመቶ 58 እጅ በታች የሆነ ፈሳሽ ወደ እቶን እንዳይረጭ የሚከለክል ነው፤ ሌላው ውሃ ወደ እቶኑ መግባቱ ሲጠረጠር ነዳጁ ተቋርጦ፣ ሰው ሁሉ ከአካባቢው ወጥቶ፣ በቧንቧዎቹ ያለው ውሃ ከወለሉ 2 ሜትር ተኩል ገደማ እስኪቀር በፍጥነት እንዲፈስ ያዛል። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም፤ ክምሩ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። በውሃ ሊጠፋ የማይችል እሳት ፊት ሰው ያለው ጥበብ መራቅና መታገሥ ብቻ መሆኑ፣ በተግባር ሰዎች ዘንድ በሕይወት ዋጋ የተገኘ እውቀት ነው።

ክቡ ፍጹም ሆኖም አይዘጋም። ከክምሩ ሙቀት የተነሣ ጥቂት ሶዲየም ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከድኙ ጋዝ ጋር ሲገናኝ አስሮት ደቃቅ የሶዲየም ሰልፌት ብናኝ ይሆናል፣ ብናኙም በኤሌክትሪክ ኃይል በሚያጣብቅ መሣሪያ ተሰብስቦ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። የታችኛው ክምር ይበልጥ ሲግል ብዙ ሶዲየም ስለሚተን ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የድኝ ጋዝ ይቀንሳል፤ ማለትም የበረታው እሳት የጠራውን ጭስ ይሰጣል። ያም ሆኖ የክራፍት ከተሞች ሽታ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የቅርብ ዘመዶቹ የሰው አፍንጫ እጅግ በጥቂት መጠን የሚለያቸው ጋዞች ስለሆኑ፣ ለሒሳብ ኢምንት የሆነው ማምለጥ ለነዋሪው ኢምንት አይሆንለትም። ከዚህ የሚከፋው ግን ክቡ በተዘጋ መጠን የሚመጣው ችግር ነው። ዛፉ ከአፈር የወሰደውን ፖታሲየምና ክሎራይድ ይዞ ይገባል፤ በባሕር ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ የተጓጓዘ ግንድ ከሆነ ክሎራይዱ ይብሳል። እነዚህ መውጫ ስላጡ በየዙሩ ይከማቻሉ፣ የብናኙን መቅለጫ ሙቀት ዝቅ አድርገው አጣባቂ ያደርጉታል፣ ቧንቧ ይደፍናሉ፣ ብረት ያስበላሉ፤ በመጨረሻ ፋብሪካው ከብናኙ ከፊሉን አውጥቶ ለመጣል ይገደዳል። ምንም የማይጥል ሥርዓት የሚለው ምኞት እዚህ ወሰኑን ያገኛል፤ ፈጽሞ የማይጥል ነገር የማይፈልገውን ጭምር ያከማቻል፣ ጤናማ ሆኖ የሚቆየው ምን እንደሚጥል የሚያውቀው ነው።

ክቡ ጨርሶ ሊዘጋ ያልቻለበት ቦታም አለ። የስንዴና የሩዝ ገለባ ብዙ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዘር የሆነ ማዕድን፣ በውስጡ ይዟል፤ ገለባ ሲቀቀል ሲሊካው በፈሳሹ ይሟሟል፣ ፈሳሹን ያወፍራል፣ የማትነኛ ጋኖችን ይለብጣል፣ ኖራውንም ያበላሻል። በቻይና በገለባ ላይ የተመሠረቱ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋብሪካዎች በዚህና በወጪው ምክንያት የማቃጠያ እቶን ሳይኖራቸው እጣቢውን በቀጥታ ወደ ወንዝ ይለቁ ነበር፤ የኹዋይ ወንዝ እጅግ ከመበከሉ የተነሣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 በተፋሰሱ ውስጥ በዓመት ከ5,000 ቶን በታች የሚያመርቱትን የኬሚካል ፐልፕ ፋብሪካዎች ዘጋ። ያ ወንዝ የሚመሰክረው፣ ያው ፈሳሽ እሳት ባገኘበት ነዳጅ፣ እሳት ባላገኘበት መርዝ መሆኑን ነው።

ሕግ ይህን እሳት እንዴት እንደሚያይም መታየት አለበት። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሕግ አማራጭ ነዳጅን ከተለመደው ነዳጅ ጋር ለሚቀላቅል በጋሎን 50 የአሜሪካ ሳንቲም የግብር ጥቅም ይሰጥ ነበር፤ የታሰበው የተሽከርካሪዎችን የነዳጅ ፍጆታ ለመቀነስ ነበር። የወረቀት ኩባንያዎች ለአሥርት ዓመታት ብቻውን ሲነድ በኖረው ጥቁር ፈሳሽ ላይ ጥቂት ናፍጣ ጨምረው ጥቅሙን ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ብቻ ከመንግሥት ካዝና በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወጣ። ብቻውን ሲነድ የከረመ ፈሳሽ፣ ንጹሕ ለመባል ሲል፣ ያላስፈለገው ናፍጣ ተጨመረበት። ይህ ጥቅም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲቆም፣ ኩባንያዎቹ በዚሁ ፈሳሽ የግብር ጥቅም ሊያገኙበት ይችሉ የነበረው ሌላው ተመሳሳይ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ። ጥፋቱ የአንድ ኩባንያ ስስት ብቻ አልነበረም፤ ሕጉ አዲስ ድርጊትን ብቻ ለማየት የተሠራ ስለነበረ፣ ቀድሞውንም በልኩ ይሠራ የነበረውን ነገር የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

ሊግኒን ሁልጊዜ መቃጠል አለበት ወይ የሚለው ጥያቄም አሁን በቁም ነገር ተነሥቷል። ከፈሳሹ ላይ የተወሰነውን ሊግኒን አስቀድሞ ለይቶ ለሌላ ጥቅም የሚያውል ዘዴ ስዊድን ውስጥ ዳብሮ በሰሜን አሜሪካና በፊንላንድ ፋብሪካዎች ሥራ ላይ ውሏል፤ በሰሜን ስዊድን ፒቴዮ ከተማ ደግሞ ፈሳሹን ከማቃጠል ይልቅ ወደ ጋዝ ለውጦ የጭነት መኪና ነዳጅ እስከ ማድረግ ተሞክሯል። በሌላ በኩል በፊንላንድ ኤኔኮስኪ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው፣ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ እንዲያመርት የተሠራው ፋብሪካ፣ የድንጋይ ከሰልም ሆነ ዘይት ሳይጠቀም ከሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ከእጥፍ በላይ ያመነጫል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ቢሆንም፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ይወጣል፣ የሚመልሰው ዛፍ ግን በአሥርት ዓመታት ያድጋል፤ ስለዚህ የእሳቱ ንጽሕና በእቶኑ ውስጥ ተመርምሮ አያልቅም፣ ደኑ ምን ያህል ተቆርጦ ምን ያህል እንደተተካ ካልታየ ፍርዱ ጎዶሎ ነው።

በኢትዮጵያ ሰፊ የቀርከሃ ደን አለ፤ ቀርከሃ ለፐልፕ ሥራ ተስማሚ እንደሆነ የህንድ ፋብሪካዎች ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ጀምሮ አሳይተዋል፣ ይሁን እንጂ እንደ ገለባ ሁሉ ሲሊካ ይዟል። ስለዚህ ከቀርከሃ ወይም ከባሕር ዛፍ ፐልፕ የሚያመርት ፋብሪካ በማናቸውም ጊዜ ሲታሰብ፣ የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት፣ መሐንዲሶችና የአካባቢው ነዋሪዎች ስለ ወረቀቱ መጠንና ስለ ሥራ ዕድሉ ከመነጋገራቸው በፊት ጥቁሩ ፈሳሽ የት እንደሚነድ፣ በስንት እጅ ውፍረት እንደሚነድ፣ ከጨዉ ስንት እጁ እንደሚመለስ፣ ሲሊካው የት እንደሚለይ በቁጥር ይጠይቁ። ለእጣቢው እቶን ያላዘጋጀ ዕቅድ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም።